ስፓኒሽን ከአማርኛ በቀጥታ፦ ለዕለት ንግግር የሚበቁ ሐረጎች

ስፓኒሽ የሚጀምር አማርኛ ተናጋሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚማረው በእንግሊዝኛ በኩል ነው። መተግበሪያውም ቪዲዮውም የሚያስረዳው በእንግሊዝኛ ስለሆነ «ደስ ይለኛል» ለማለት መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል፣ ከዚያ ወደ ስፓኒሽ። ይህ ዙሪያ ጥምጥም ጊዜ ከመውሰዱም በላይ ስህተት ይወልዳል፤ እንግሊዝኛና ስፓኒሽ በሚለያዩባቸው ብዙ ቦታዎች ላይ አማርኛና ስፓኒሽ ይገጥማሉና። ከዚህ በታች ያሉትን ሐረጎች የመረጥኩት ከአማርኛ ተነስቶ በቀጥታ ለሚሄድ ሰው ነው። ስፓኒሹን በፊደል ስለጻፍኩት አነባበቡን ላስቀድም።

ስፓኒሽ አምስት አናባቢዎች ብቻ አሉት። አምስቱም በፊደላችን አሉ፦ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ። የሌሉት ግዕዙና ሳድሱ ናቸው። ይህን የያዘ ሰው አነጋገሩ ወዲያው ይጠራል። «እባክዎ» ማለት «ፖር ፋቦር» ነው፤ «ፐር ፈቮር» ያለ ሰው ሁለቴ ግዕዝ አስገብቷል፣ ስፓኒሽ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ድምፅ የለም። ከታች በሳድስ የተጻፉ ፊደላትን ስታነቡ ያለ አናባቢ ከሚቀጥለው ጋር አጣብቋቸው። «ግራሲያስ» ሲባል ግና ራ መካከል ትንሿ «እ» እንዳትገባ፤ «ትሬስ» (ሦስት) በአንድ ትንፋሽ የሚወጣ አንድ ክፍለ ቃል ነው። ሌላው ወጥመድ መነሻው ላይ ነው። እኛ በስ የሚጀምር ባዕድ ቃል ሲመጣ «እ» እናስቀድማለን፣ ስፓኒሽ ደግሞ «ኤ» ያስቀድማል። ስለዚህ «ኤስፓኛ»፣ «ኤስቶይ»፣ «ኤስኩዌላ» እንጂ «እስፓኛ» አይባልም።

«ኝ» ያለ ድካም ያገኘነው ድምፅ ነው። «ባኞ» (ሽንት ቤት)፣ «ሴኞር» (አቶ፣ ጌታዬ)፣ «ማኛና» (ነገ፣ ደግሞም ጠዋት) ሌላው ተማሪ የሚቸገርባቸው ሲሆኑ ለእኛ ቀላል ናቸው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ይፈልጋሉ፦ በአማርኛ «እኛ» ስንል ኛው ይጠብቃል፣ በስፓኒሽ ግን ሁልጊዜ ይላላል።

በጠቅላላው ስፓኒሽ ውስጥ ጠብቆ የሚነበብ የለም ማለት ይቻላል፤ ከ«ረ» በቀር። «ይመራል» ላልቶ ሲነበብ መንገድ ያሳያል፣ ጠብቆ ሲነበብ መራራ ነው ማለት ነው። የሁለቱ «ራ» ልዩነት በትክክል የስፓኒሹ ልዩነት ነው። «ፔሮ» ሮው ላልቶ «ግን» ማለት ነው፣ ጠብቆ «ውሻ»። «ካሮ» ላልቶ «ውድ»፣ ጠብቆ «መኪና»። በላቲኑ ጽሑፍ የሚጠብቀው ረ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ቃል ሲጀምር ግን አንድ ተጽፎም ይጠብቃል፦ «ሮኾ» (ቀይ) የሚጀምረው በጠባቂ ረ ነው።

ስለቀሩት ተነባቢዎች ባጭሩ ልለፍ። በላቲኑ «ቨ» የሚመስለው ፊደል እንደ «በ» ይነበባል። የ«ሀ» ፊደል ድምፅ የለውም፤ ሰላምታው «ኦላ» የሆነው ለዚህ ነው። እኔ በ«ኸ» የጻፍኩት ድምፅ በስፔን ከጉሮሮ ጠንከር ይላል፣ በካሪቢያን አካባቢ እንደ «ሀ» ይለሰልሳል። «ግራሲያስ» ውስጥ ያለውን «ሲ» አብዛኛው የስፔን ሰው ምላሱን በጥርሶቹ መካከል አድርጎ ያወጣዋል፤ መላው ላቲን አሜሪካ ግን «ስ» ስለሚል እሱን መያዝ ይበቃል። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰና ጸ ስፓኒሽ ውስጥ የሉም።

ድምፅ የሚነሳበት ቦታ ግን ጊዜ ይገባዋል፣ ምክንያቱም አማርኛ ይህን ብዙም አያስለምደንም። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ቃሉ በአናባቢ፣ በን ወይም በስ ካበቃ ከመጨረሻው በፊት ያለው ክፍል ይነሳል፤ በሌላ ተነባቢ ካበቃ የመጨረሻው ይነሳል፤ ከዚህ የሚወጣ ቃል በአናባቢው ላይ ጭረት ይደረግበታል። «አብሎ» መጀመሪያው ሲነሳ «እናገራለሁ» ነው፣ መጨረሻው ሲነሳ «ተናገረ»። «ፓፓ» መጀመሪያው ሲነሳ ድንች (በላቲን አሜሪካ)፣ መጨረሻው ሲነሳ አባባ። ጭረቱን እንደ ጌጥ የዘለለ ተማሪ በኋላ የኃላፊ ጊዜ ግሥ ላይ ሲደርስ ይጋጭበታል።

መጀመሪያ የሚያዙት አልገባኝም የሚሉት ናቸው

የሐረግ ዝርዝሮች ሁሉ በሰላምታ ይጀምራሉ። እኔ የምመክረው ከሰላምታም በፊት ንግግሩ ሲያመልጣችሁ መልሳችሁ የምትይዙበትን ነው። «ኖ ኤንቲዬንዶ» (አልገባኝም)፣ «ማስ ዴስፓሲዮ፣ ፖር ፋቦር» (ቀስ ብለው፣ እባክዎ)፣ «ፑዌዴ ሬፔቲር?» (ሊደግሙልኝ ይችላሉ?)፣ «ኮሞ ሴ ዲሴ...?» (... እንዴት ይባላል?)፣ «ኬ ሲግኒፊካ...?» (... ምን ማለት ነው?)። አንድ ቃል ብቻ ካመለጣችሁ «ኮሞ?» በቂ ነው፤ ሜክሲኮ ውስጥ «ማንዴ?» ሲባል ትሰማላችሁ። እነዚህን የያዘ ሰው በስፓኒሽ እየጠየቀ ስፓኒሽ ይማራል፤ ያልያዘ ሰው አንድ ጥያቄ ሲያመልጠው ንግግሩ እዚያው ያበቃል።

«ይቅርታ» የምንለው አንዱ ቃላችን እዚህ ይበታተናል። ሰው ለማስቆም ወይም ጥያቄ ለመጀመር «ዲስኩልፔ»፤ ሰው ስትነኩ «ፔርዶን»፤ በሰው መካከል ለማለፍ «ኮን ፔርሚሶ»፤ ከልብ ማዘንን ለመግለጽ «ሎ ሲዬንቶ»። ሐዘን ላይ ላለ ሰው የሚባለው የመጨረሻው ነው። በአንጻሩ ለማለፍ ብቻ «ሎ ሲዬንቶ» ማለት ሰሚውን ግራ ያጋባል።

ሰላምታው አጭር ነው። «ቡዌኖስ ዲያስ» እስከ ቀትር ወይም እስከ ምሳ፣ «ቡዌናስ ታርዴስ» እስኪመሽ፣ «ቡዌናስ ኖቼስ» ከዚያ በኋላ፤ ይህ የመጨረሻው ሲገናኙም ሲለያዩም ይሆናል። «ኮሞ ኤስታ?» ሲባሉ «ቢዬን፣ ግራሲያስ፣ ኢ ኡስቴድ?» (ደህና፣ አመሰግናለሁ፣ እርስዎስ?)። ከአንድ ዙር በላይ መጠየቅ አይጠበቅም።

«ኡስቴድ» የእኛ «እርስዎ» ነው፣ «ቱ» ደግሞ «አንተ/አንቺ»። እንግሊዝኛ ይህን ልዩነት ስለማያውቅ የእንግሊዝኛ መማሪያዎች ገጽ ሙሉ ያብራሩታል፤ ለእኛ ግን ልማድ ነው። ልብ የሚባለው ግሡ ነው፤ የ«ቱ» ግሥ በስ ያበቃል፣ የ«ኡስቴድ» ያለ ስ ይቀራል፦ «ኤስታስ/ኤስታ»፣ «ቲዬኔስ/ቲዬኔ»፣ «ፑዌዴስ/ፑዌዴ»። ስፔን ውስጥ ሰው ቶሎ ወደ «ቱ» ይገባል፤ በቦጎታ ደግሞ በጓደኛሞች መካከል እንኳ «ኡስቴድ» ይሰማል። ከማያውቁት ሰው ጋር በ«ኡስቴድ» መጀመር የትም አያስቀይምም፣ «አንተ በሉኝ» ለማለት ደግሞ «ፑዌዴ ቱቴአርሜ» ይባላል። ለብዙ ሰው «ኡስቴዴስ» በሁሉም ሀገር ይሠራል።

ለማመስገንና ለመተዋወቅ «ግራሲያስ»፣ መልሱ «ዴ ናዳ»፤ «ሜ ያሞ...» (ስሜ ... ይባላል)፤ «ሙቾ ጉስቶ» (ደስ ብሎኛል)። «ኤንካንታዶ» ማለትም ይቻላል፣ ተናጋሪዋ ሴት ስትሆን ግን «ኤንካንታዳ» ትላለች። እዚህ ላይ አማርኛ አይረዳም። እኛ ሰሚውን በጾታ እንለያለን፣ ራሳችንን ግን አንለይም፤ «ደክሞኛል» ወንድም ሴትም ይላሉ። በስፓኒሽ ወንዱ «ኤስቶይ ካንሳዶ» ሲል ሴቷ «ኤስቶይ ካንሳዳ» ትላለች። ሴት ተማሪዎች ከወንድ አስተማሪ ቅጂ ሲለማመዱ በ«ኦ» የሚያበቃውን ይዘው የሚቀሩት በዚህ ነው።

አራት ማሰሪያዎች

ሐረግ በሐረግ ከማጥናት ይልቅ አራት ማሰሪያ ግሦችን ይዞ ከኋላቸው ሌላ ግሥ እየቀያየሩ ማስገባት ብዙ ርቀት ይወስዳል። የሚገባው ግሥ በ«አር»፣ በ«ኤር» ወይም በ«ኢር» የሚያበቃው ነው፤ ይህም የእኛን «መክፈል፣ መሄድ፣ ማየት» ይመስላል። «ኪዬሮ ፓጋር» መክፈል እፈልጋለሁ። «ፑዌዶ ፓጋር?» መክፈል እችላለሁ? «ቴንጎ ኬ ፓጋር» መክፈል አለብኝ። «ቦይ አ ፓጋር» ልከፍል ነው። ሦስተኛውን ተመልከቱት፦ «ቴንጎ» አለኝ ነው፣ «ቴንጎ ኬ» አለብኝ። በሁለቱም ቋንቋ ግዴታ የሚወጣው ከመያዝ ግሥ ነው።

የሚከብደው ቅደም ተከተሉ ነው። የእኛ ማሰሪያ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፣ የእነሱ ይቀድማል። «ፓጋር ኪዬሮ» የሚል ሰው አማርኛውን እንዳለ አሻግሯል ማለት ነው። መድኃኒቱ በማሰሪያው መጀመር ነው፤ ቀጣዩ ቃል ባይታወስ እንኳ «ኪዬሮ...» ብሎ ማሰብ ይቻላል፣ ሰሚውም ይጠብቃል። «ኢር» (መሄድ)፣ «ቤር» (ማየት)፣ «ኮምፕራር» (መግዛት)፣ «አብላር» (መናገር)፣ «ኤስፔራር» (መጠበቅ)፣ «ሳሊር» (መውጣት) ለመጀመሪያ ሳምንት ይበቃሉ።

አሉታው «ኖ»ን ከግሡ ፊት ማስቀመጥ ብቻ ነው፦ «ኖ ኪዬሮ ኢር»። ጥያቄው ደግሞ እንደ አማርኛ ድምፅን ከፍ በማድረግ ይፈጸማል፣ የቃላቱን ቦታ መቀየር አያስፈልግም። በጽሑፍ ጥያቄው ገና ሲጀምር የተገለበጠ የጥያቄ ምልክት የሚደረገውም ለዚሁ ነው፤ አንባቢው ድምፁን ከየት እንደሚያነሳ ያውቅበታል። የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚ ይህን በ1754 የጽሑፍ ደንብ አድርጎታል። የተገለበጠው ቃለ አጋኖ የእኛን ትእምርተ ስላቅ ስለሚመስል፣ መልእክት ውስጥ ስታዩት ሰውዬው እያሾፈ እንዳይመስላችሁ።

ደስ ይለኛል፣ ያመኛል፣ ይመስለኛል

አማርኛ በጣም የሚክሰን እዚህ ነው። «ሜ ጉስታ ላ ሙሲካ» ሙዚቃ ደስ ይለኛል። ደስ የሚለው ሙዚቃው ነው፣ እኔ ደግሞ «ኝ» ሆኜ ግሡ ላይ ተለጥፌያለሁ፤ ያ «ኝ» በስፓኒሽ «ሜ» ነው። «ቴ ጉስታ?» ደስ ይልሃል? ይልሻል? «ሌ ጉስታ?» ደስ ይልዎታል? «ኖስ ጉስታ» ደስ ይለናል። በእንግሊዝኛ በኩል የመጣ ተማሪ «ዮ ጉስቶ» ይላል፣ እሱን ለማረምም ብዙ ይደክማል። ከአማርኛ የተነሳ ሰው ይህን ስህተት የሚሠራበት ምክንያት የለውም።

ቤተሰቡም ትልቅ ነው፦ «ሜ ዱዌሌ» (ያመኛል)፣ «ሜ ፋልታ» (ይጎድለኛል)፣ «ሜ ኬዳ» (ይቀረኛል)፣ «ሜ ፓሬሴ» (ይመስለኛል)። ሁለት ነገር ብቻ ጠብቁ። የሚያስደስተው ወይም የሚያመው ነገር ብዙ ሲሆን ግሡ ን ይጨምራል፦ «ሜ ጉስታን ሎስ ሊብሮስ» (መጻሕፍት ደስ ይሉኛል)፣ «ሜ ዱዌሌን ሎስ ፒዬስ» (እግሮቼን ያመኛል)። ሁለተኛ፣ ለአካል ክፍል «የእኔ» አይባልም፤ «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ነው እንጂ «ሚ ካቤሳ» አይደለም። «ሜ» ማን እንደታመመ ነግሯልና።

ይህችው «ሜ» በትእዛዝ ጊዜ እንደኛ «ኝ» ግሡ መጨረሻ ላይ ትለጠፋለች፦ «ዲሜ» (ንገረኝ)፣ «አዩዴሜ» (ይርዱኝ)። በሌላ ጊዜ ከተረባው ግሥ ትቀድማለች፦ «ሜ ፑዌዴ አዩዳር?» (ሊረዱኝ ይችላሉ?)።

አሁን አማርኛም እንግሊዝኛም የሚያሳስቱበት። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ በስፓኒሽ በ«ሜ» አይመጡም፤ በ«አለኝ» ነው የሚነገሩት። «ቴንጎ አምብሬ» (ራበኝ)፣ «ቴንጎ ሴድ» (ጠማኝ)፣ «ቴንጎ ፍሪዮ» (በረደኝ)፣ «ቴንጎ ካሎር» (ሞቀኝ)፣ «ቴንጎ ሱዌኞ» (እንቅልፌ መጣ)፣ «ቴንጎ ፕሪሳ» (ቸኩያለሁ)። ዕድሜም እንዲሁ፦ «ቴንጎ ቤይንቲሲንኮ አኞስ» (25 ዓመቴ ነው)። «በጣም» ለማለት «ሙቾ» ወይም «ሙቻ» ነው፣ «ሙይ» አይደለም፤ የሚከተለው ስም ስለሆነ። ሞቀኝ ለማለት ከእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የሚወጣው «ኤስቶይ ካሊዬንቴ» ወሲባዊ ትርጉም ስላለው ፈጽሞ አይባልም። አፈርኩ ለማለት የሚወረወረው «ኤምባራሳዳ» ደግሞ ነፍሰ ጡር ማለት ነው፤ ማፈር «ሜ ዳ ቤርጉዌንሳ» ነው።

ነው እና አለ

የእኛ «ነው» በስፓኒሽ ለሁለት ይከፈላል። ማንነት፣ ሙያ፣ ትውልድ፣ ሰዓት በ«ሶይ/ኤስ» ይነገራሉ፤ ያለበት ቦታና ያለበት ሁኔታ በ«ኤስቶይ/ኤስታ»። «ኤስ ሊስታ» ብልህ ናት፣ «ኤስታ ሊስታ» ተዘጋጅታለች። «ጊዜያዊና ቋሚ» የሚለው የተለመደ ማብራሪያ ብዙ አያስኬድም፤ ከተማ ከቦታው ባይነቃነቅም ያለበት ቦታ የሚነገረው በ«ኤስታ» ነው። «ምንድን ነው?» ለሚለው መልስ «ኤስ»፣ «የት ነው? እንዴት ነው?» ለሚለው መልስ «ኤስታ» ብሎ መያዝ ይሻላል።

ሦስተኛው «አይ» ነው፣ ትርጉሙም አለ። ምርጫውን አማርኛው ራሱ ይነግራችኋል። «ሽንት ቤት አለ?» ስትሉ ስሙ ላይ ምንም ስላልተጨመረ «አይ ባኞ?» ይሆናል። «ሽንት ቤቱ የት ነው?» ስትሉ ስሙ የተለየ ስለሆነ «ዶንዴ ኤስታ ኤል ባኞ?»። ስሙ «ው» ወይም «ዋ» ሲያገኝ «ኤስታ»፣ ባዶውን ሲሆን «አይ»።

ሒሳብ፣ ቁጥርና አቅጣጫ

«ኪዬሮ» ለአስተናጋጅ ወይም ለባለ ሱቅ ትንሽ ይጎረብጣል። «ኪሲዬራ...» (... ፈልጌ ነበር) ወይም «ሜ ዳ...፣ ፖር ፋቦር?» (... ይሰጡኛል?) ይለሰልሳል። ስፔን ውስጥ «ሜ ፖኔ...?»፣ ኮሎምቢያ ውስጥ «ሜ ሬጋላ...?» ትሰማላችሁ፤ ሁለተኛው ቃል በቃል «ይሸልሙኛል?» ቢልም ዕቃው በነጻ አይደለም። ሻጩ የሚመልሰውን አስቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ፤ ብዙ ተማሪ ጥያቄውን አሳምሮ ጠይቆ መልሱ ላይ ይወድቃል። የሚመጣው ይህ ነው፦ «አልጎ ማስ?» (ሌላስ?)፣ «ናዳ ማስ» ብላችሁ ትመልሳላችሁ (ይበቃል)፤ «ኤፌክቲቦ ኦ ታርኼታ?» (በጥሬ ወይስ በካርድ?)፤ «ኪዬሬ ቦልሳ?» (ፌስታል ይፈልጋሉ?)። ዋጋ ለመጠየቅ «ኳንቶ ኩዌስታ?»፣ ጠቅላላውን «ኳንቶ ኤስ?»፣ በልታችሁ ስትጨርሱ «ላ ኩዌንታ፣ ፖር ፋቦር»።

ዋጋ ሲነገር ጆሮ የሚስተው ጥቂት ቦታ ላይ ነው። «ዶስ» 2 ሲሆን «ዶሴ» 12 ነው፤ «ትሬስ» 3፣ «ትሬሴ» 13፤ መጨረሻዋ «ኤ» ብቻ ናት የምትለያቸው። 60 «ሴሴንታ»፣ 70 «ሴቴንታ»። 500 «ኪኒዬንቶስ» ከ5 («ሲንኮ») ጋር ስለማይመሳሰል ለብቻው ይያዝ። በአሥርና በአንድ ቤት መካከል «ኢ» ይገባል፦ 31 «ትሬይንታ ኢ ኡኖ»፤ በመቶና በአሥር መካከል ግን አይገባም፦ 120 «ሲዬንቶ ቤይንቴ»። ስፔን ውስጥ 1.500 ተብሎ የተጻፈ ሺህ አምስት መቶ ሊሆን ይችላል፣ ነጥቡ ሺህን ይለያልና፤ ሜክሲኮ ውስጥ ነጥቡ የሳንቲም ነው።

አቅጣጫ ላይ አንዲት አናባቢ ታሳስታለች። «ዴሬቻ» ቀኝ፣ «ዴሬቾ» ቀጥታ። በላቲን አሜሪካ ሁለቱም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመጣሉ፤ ስፔን ቀጥታውን «ቶዶ ሬክቶ» ትላለች። «ኢስኪዬርዳ» ግራ ነው። ከተነገራችሁ በኋላ በራሳችሁ አፍ መድገም፣ «አ ላ ዴሬቻ?» ብሎ በእጅ ማሳየት፣ ስህተቱን እዚያው ያወጣዋል።

ስፓኒሽ በ20 ያህል ሀገሮች ስለሚነገር ቃላቱ ይለያያሉ። ስልኩ ስፔን ውስጥ «ሞቢል»፣ ላቲን አሜሪካ «ሴሉላር» ነው። ተጠንቀቁ የምለው አንዱን ብቻ ነው፦ «ኮኼር» ስፔን ውስጥ መያዝ፣ መሳፈር ነው፤ ሜክሲኮና አርጀንቲና ግን ጸያፍ ነው። «ቶማር» የትም ያገለግላል።

ልምምዱን እንዲህ አድርጉት። አንድ ማሰሪያ ምረጡ፣ ሦስት ግሥ አስገቡበት፣ እያንዳንዱን በአዎንታ፣ በአሉታና በጥያቄ ጮክ ብላችሁ በሉ፤ ዘጠኝ ዓረፍተ ነገር ይሆናል፣ ከአሥር ደቂቃ አያልፍም። በስልክ ቅዱትና ከተወላጅ ተናጋሪ ድምፅ አጠገብ አድምጡት፤ መጀመሪያ አናባቢዎቹን ብቻ፣ ቀጥሎ ድምፅ የተነሳበትን ቦታ። ስም ስትይዙ ከ«ኤል» ወይም ከ«ላ» ጋር ይሁን፤ «ኤል ፕሮብሌማ»፣ «ኤል ዲያ»፣ «ላ ማኖ» ከመልካቸው ስለማይታወቁ ብቻቸውን የተያዙ እንደሆነ በኋላ ማስተካከል ይከብዳል። በፊደል የያዛችሁት ማስታወሻ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይጠቅማል፤ የረ መጥበቅና የድምፅ መነሳት ግን በእሱ አይታዩም። ስለዚህ ቁጥሩንና አራቱን ማሰሪያዎች እንደጨረሳችሁ በላቲኑ ማንበብ ጀምሩ።